ያቀለልኩት ወረቀት

አስተርጓሚ በሆንኩበት በመጀመሪያው ቀን ዋሸሁ፤ በመዋሸቴም ተመሰገንኩ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ የሆነው ሁሉ ከዚያች ቀን ስለሚጀምር ነው።

በደርግ ጊዜ አሰላ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የካርድ ክፍል ጸሐፊ ነበርኩ። የሆስፒታሉን ስም አልጽፍም፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የቤቱ አልነበረም። ሥራዬ የበሽተኛ ካርድ ከመደርደሪያ ማውጣት፣ ለአዲስ መጪ ካርድ መክፈትና ለድሬሰሮቹ ማቀበል ነበር። አሥራ ሁለተኛን ጨርሻለሁ፣ እንግሊዝኛዬ ደህና ነው፣ ኦሮምኛ ደግሞ ከሰፈር ልጆች ጋር አፌን የፈታሁበት ነው።

አንድ ሰኞ ጠዋት አስተዳዳሪያችን ጓድ ሽፈራው በመስኮቱ ብቅ አለ።

«ጽጌ፣ የኩባ ሐኪሞች ገብተዋል። እንግሊዝኛ ትችያለሽ አይደል?»

«እችላለሁ ጓድ።»

«በይ ነይ፣ ውጪ። ካርዱን ሌላ ሰው ይይዘዋል።»

ስደርስ ሁለት ሰዎች መድኃኒት ቤቱ በር ላይ ቆመዋል። አንዱ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሪዙ ሽበት የጣለበት የውስጥ ደዌ ሐኪም ነው፤ ዶክተር አንሴልሞ ይባላል። ሁለተኛዋ ሚርታ የምትባል ወፈር ያለች ነርስ ናት። ዶክተሩ አፉን ከፈተ፣ ተናገረ፣ ተናገረ። አንዲት ቃል ብሰማ! እንግሊዝኛ አይደለማ።

ግራ መጋባቴን ሲያይ ከጋውኑ ኪስ አንድ ትንሽ መዝገበ ቃላት አወጣ። ሽፋኑ ተገንጥሎ በቁስል ፕላስተር ተጣብቋል። በአንድ በኩል ስፓኒሽ፣ በአንድ በኩል እንግሊዝኛ። ገጹን ገለበጠና በጣቱ አንድ ቃል አሳየኝ፤ ከዚያ ባዶውን የመድኃኒት ቁም ሣጥን አሳየኝ። እንግሊዝኛው «ውርደት» ይላል።

«ምን አለ?» አለ ጓድ ሽፈራው።

ጓድ ሽፈራውን አየሁት። ከላይ ካሉት ጋር ተጣልቶ መድኃኒት ለማምጣት ያላደረገው ነገር አልነበረም። አሳዘነኝ።

«መድኃኒት ቢጨመር ደስ ይለኛል ነው የሚለው» አልኩ።

«አይ ሰው! ጨዋ ሐኪም ነው» አለ ጓድ ሽፈራው፤ የዶክተሩን እጅ ሁለት ጊዜ ጨበጠው። ስንመለስ ትከሻዬን ቸብ አድርጎ «አንቺ ልጅ ለዚህ ሥራ የተፈጠርሽ ነሽ» አለኝ። ከዚያ በኋላ ወደ ካርድ ክፍል አልተመለስኩም።

በስፓኒሽና በአማርኛ የተጻፈ መዝገበ ቃላት ያኔ አይቼም ሰምቼም አላውቅም። ስለዚህ ሁሉም ነገር በእንግሊዝኛ በኩል ማለፍ ነበረበት። ዶክተሩ በስፓኒሽ ይናገራል፤ እኔ ወደ እንግሊዝኛ መልሼ በሽተኛው ካርድ ላይ እጽፋለሁ፣ ካርድና የሕክምና ወረቀት በእንግሊዝኛ ነዋ የሚጻፈው። ከዚያ ለበሽተኛው በአማርኛ እናገራለሁ። ከገጠር የመጣ ከሆነ ደግሞ በኦሮምኛ። መልሱም በዚያው መንገድ ይመለሳል።

አንድ ባለ መስመር ደብተር ገዝቼ ገጹን በአራት ዓምድ ከፈልኩት። ስፓኒሽ፣ እንግሊዝኛ፣ አማርኛ፣ ኦሮምኛ። ያወቅኩትን ቃል ሁሉ እዚያ አሰፈርኩ። ዶክተሩ ያዋሰኝን መዝገበ ቃላት በዓመቱ መለስኩለት፤ ደብተሩ ግን ከእጄ አልተለየም።

ሥራው የገባኝ ከደብተሩ ነው። ዶክተር አንሴልሞ በየጠዋቱ አልጋ ለአልጋ ሲዞር «ኮሞ አማኔሲዮ?» ይላል። ነግቶልዎት እንዴት ተገኙ እንደማለት ነው። እንግሊዝኛው ዓምድ ላይ «ጉድ ሞርኒንግ» ብዬ ጻፍኩ፤ ሰላምታ ነው፣ ሌሊቱ ግን የለበትም። አማርኛው ላይ ስደርስ «እንዴት አደሩ» ሆነ፤ ኦሮምኛው «አካም ቡልተኒ»። ሌሊቱ ተመልሶ መጣ! ሦስቱ ቋንቋዎች በሽተኛውን አዳሩን ይጠይቁታል፣ እንግሊዝኛው ብቻ ዝም ብሎ ያልፋል።

ዶክተሩ ገበሬውን «ኡስቴ»፣ እርስዎ ይላል። ጓድ ሽፈራውን ግን «ቱ»፣ አንተ። በእንግሊዝኛ ሁለቱም አንድ ናቸው። እኔ ለገበሬው እርስዎ ማለቱን እንዳለ አደርሳለሁ፤ ለጓድ ሽፈራው አንተ ማለቱን ደግሞ እርስዎ አደርገዋለሁ። ምን ላድርግ? አለቃ ነው፤ ሰላም ይሻላል።

ሚርታ ደግሞ ሰውን ሁሉ «ሚ አሞር» ትላለች። በሦስተኛው ሳምንት ገና ጥሬ ሳለሁ ከአርቦዬ የመጡ አንድ ሐጂ መርፌ ሊወጉ ተኝተው «ፍቅሬ፣ ክንድህን ስጠኝ ትልዎታለች» አልኳቸው፣ ቃል በቃል። ሐጂው ከአልጋው ተነሥተው ቁጭ አሉ።

«አስተግፊሩላህ! ሴትዮዋ ባል የላትም እንዴ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሚርታ ነገሩ ሲገባት ከሁሉም ይልቅ እሷ ሳቀች። ከዚያ ወዲያ «ሚ አሞር»ን እንደ በሽተኛው አባቴ፣ እናቴ፣ የኔ ልጅ እያልኩ ነበር የማደርሰው፤ ትክክልም ነበርኩ።

አንድ ቃል ግን ዶክተሩ ራሱ አስተምሮኛል። ወደ አዲስ አበባ የምንልከው በሽተኛ ወረቀት ላይ «ዴሊካዶ» ያለውን «ዴሊኬት»፣ ስስ ብዬ ጻፍኩት፣ ድምፁ ስለሚመሳሰል። ዶክተሩ እንግሊዝኛው ትንሽ ቢሆንም ያቺን አያት። ቀስ ብሎ አስረዳኝ። «ጽጌ፣ በእኛ አገር በሽተኛው ዴሊካዶ ነው ከተባለ ዘመድ ጫማውን አጥልቆ መንገድ ይጀምራል። ያንን የሚያህል ቃል ጻፊ።» ከባድ አደጋ ላይ ነው ብዬ አረምኩት። እንግዲህ በኋላ ያደረግኩትን ባለማወቅ ነው የሚለኝ ካለ፣ አይደለም። አውቅ ነበር።

አሁን ስለ እኛ አንድ ነገር ልናገር፤ የምታውቁት ነው። እኛ ክፉ ወሬ በቀጥታ አንናገርም። አባቴ የሞተ ጊዜ ትምህርት ቤት ድረስ አጎቴ መጣና «አባትሽ ትንሽ አሞታል፣ ነይ» አለኝ። ትንሽ። በጋሪው ላይ እያለሁ ነው ያወቅኩት፤ «ትንሽ» ብሎ ለመጥራት አጎት ክፍል ድረስ አይመጣማ። ቤት ስደርስ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበዋል፤ የሚይዙኝ ሰዎች ግራና ቀኝ ቆመዋል። መርዶ እንዲህ ነው የሚነገረው። አቅልለህ ትጀምራለህ፣ ሰሚው ራሱ ክብደቱን ይጨምርበታል። ደግ ልማድ ነው ብዬ ነበር የማምነው፤ ለቤተሰብ ዛሬም ደግ ነው እላለሁ።

ብሔራዊ ውትድርና በታወጀ በሁለተኛው ዓመት ኦቦ ከድር የሚባሉ ሰው ከሲሬ ወገን መጥተው ተኙ። በአካባቢያቸው የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ነበሩ። ሆዳቸው ውኃ ቋጥሮ ተነፍቷል፣ ዓይናቸው ቢጫ ሆኗል። የምታስታምማቸው ዘይነባ የምትባል ልጃቸው ናት፤ አሰላ ቤት ተከራይታ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ትማራለች። ከትምህርት ቤት በቀጥታ ትመጣለች፣ ደብተሯን ትራሳቸው ሥር አስቀምጣ እግራቸውን ታሻለች።

ሰኞ ዕለት ዶክተር አንሴልሞ ሆዳቸውን በጣቱ ጫን ጫን ሲያደርግ ኦቦ ከድር እጁን ያዙት። ዘይነባ አልነበረችም።

«ልጄ፣ ሐኪሙን ጠይቂልኝ» አሉኝ በኦሮምኛ። «ስንት ቀን አለኝ? ቁርጡን ይንገረኝ፤ ጉዳይ አለብኝ።»

«ምን ጉዳይ አለብዎት? ይለዎታል» አልኳቸው፣ ዶክተሩ ሲመልስ።

«አማን የሚባል ወንድ ልጅ አለኝ። የወታደር ኮታ ሲመጣ ሊቀመንበሩ እኔ ነኝ። የሰው ልጅ ጽፌ የራሴን እንዴት ልተው? መጀመሪያ የእሱን ስም ጻፍኩ። ሲሄድ ዞሮ አላየኝም። ከሰው ጋር መኪናው ላይ ወጣ፤ ጀርባውን ነው ያየሁት። አፉ ሳይለኝ ብሞት እንዴት እሆናለሁ? ማሠልጠኛ ነው ያለው፤ ገና ወደ ሰሜን አልላኩትም። ጥራልኝ በይው።»

ይህን አንድ ፊደል ሳላጎድል ለዶክተሩ አደረስኩ። አፉ በለኝ የሚለው ላይ ተቸገርኩ። በስፓኒሽ ይቅርታ የሚሉበት «ፔርዶን» አለ፤ ግን ፔርዶን አውቶቡስ ላይ የሰው እግር ስትረግጥም የምትለው ነው። ኦቦ ከድር የሚሉት ሌላ ነው፤ ከመቃብር በፊት የሚለቀቅ የነፍስ ዕዳ ነው። ዶክተሩ ሪዙን እያሻሸ አዳመጠኝ። እዚያው ቆሜ ደብተሬ ላይ የኦቦ ከድርን ቃል እንዳለ ጻፍኩት፣ በአራቱም ዓምድ። ፔርዶን አጠገብ «ያንሳል» የሚል ማስታወሻ አደረግኩ።

ዶክተሩ ዝቅ ባለ ድምፅ መለሰልኝ። «ሴ ኖስ ባ ኤል ቢየሆ። ስምንት ቀን፣ ምናልባትም ያነሰ። ንገሪያቸው። ሰውየው ጠይቀውኛል፤ ማወቅ መብታቸው ነው።»

«ኤል ቢየሆ» ሽማግሌው ነው፤ «ሴ ኖስ ባ»ን ግን በእንግሊዝኛ ብጽፈው «እየሞተ ነው» ይሆናል። ልክ ነው፤ ግን «ኖስ» የምትለዋ እኛን የያዘች ቃል መንገድ ላይ ትወድቃለች፤ ሰውየው ብቻውን ይሞታል፣ ማንም አይጎድልበትም። በአማርኛ ግን አለን። እየሄዱብን ነው። ያቺ «ብን» የምንላት እዚያ ቤት «ኖስ» ናት። ስንት ዓመት በአራት ቋንቋ ስገለባበጥ እንደዚህ ልክክ ብሎ የገጠመልኝ ቃል የለም። አፌ ላይ ነበር፣ አልተናገርኩትም።

ኦቦ ከድር ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። የአባቴ ዕድሜ ናቸው።

«ትንሽ ደክሞዎታል ነው የሚለው» አልኳቸው። «ሲያርፉ ይሻልዎታል። ልጁም ይጠራል።»

ፊታቸው በራ። የዶክተሩን እጅ ስመው «ረቢ ዕድሜ ይስጥህ» አሉት።

«ነገርሻቸው?» አለኝ ዶክተሩ።

«አዎ ዶክተር።»

«ምን ዓይነት ብርቱ ሰው ናቸው!» አለና እጃቸውን በሁለት እጁ ያዘ፤ ረጅም ጊዜ ያዘው። ሁለቱም ተፋቀሩ። አንዱ ሞቱን አውቆ ጸንቷል ብሎ፣ ሌላው ትድናለህ አለኝ ብሎ። በመካከላቸው የቆምኩት እኔ ነኝ።

ማሠልጠኛው ለልጁ ፈቃድ እንዲሰጥ የሐኪም ወረቀት ያስፈልጋል። ማክሰኞ ጠዋት ዶክተሩ በቃሉ ነገረኝ፦ በሽተኛው በሞት አፋፍ ላይ ነው፣ የቀረው የቀናት ዕድሜ ነው፣ ልጁ ሳይውል ሳያድር ይምጣ። እኔ የጽሕፈት መኪናው ላይ ተቀመጥኩ። ወረቀቱን ይዛ የምትሄደው ዘይነባ ከጀርባዬ ቆማ ትጠብቃለች። እንግሊዝኛ ታነባለች። ብቻዋን ናዝሬት ድረስ፣ ከዚያ ሌላ አውቶቡስ ይዛ ነው የምትሄደው። አባትሽ ሊሞት ነው የሚል ወረቀት አስይዤ አንዲት ልጅ መንገድ ላይ ልጣል? አውቶቡስ ላይ ብትወድቅ ማን ይይዛታል? ለእኔ እንኳ የሚይዙኝ ሰዎች ግራና ቀኝ ቆመውልኝ ነበር።

ስለዚህ «በሽተኛው ትንሽ ደክሞታል፤ ልጁን ቢያይ ደስ ይለዋል» ብዬ በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። ማሠልጠኛ ያለው ሰውም ያገራችን ሰው ነው፣ ትንሽ ሲባል ይገባዋል አልኩ። ማን ትንሽ ለደከመው ሰው ወረቀት አስጽፎ ሴት ልጅ ይልካል? ራሱ ክብደቱን ይጨምርበታል አልኩ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ትንሽ፣ ማኅተም ያለበት ትንሽ፣ ትንሽ ብቻ እንደሆነ አላሰብኩም።

«ያልኩሽን ጻፍሽ?» አለ ዶክተሩ።

«ጽፌአለሁ ዶክተር።»

አምኖኝ ሳያነብ ፈረመ። ጓድ ሽፈራው ማኅተሙን አሳረፈበት። ዘይነባ አነበበችው፤ አንብባ ስትጨርስ ትከሻዋ ላይ ያለው ነገር ሁሉ የወረደ መሰለኝ።

«ተመስገን፣ ትንሽ ነው አይደል እትዬ ጽጌ?»

«አብሽሪ» አልኳት።

ልትሰናበት አባቷ ዘንድ ስትገባ አብሬአት ገባሁ። «አባ፣ ለአማን የምነግረው አለ? ፈቃድ ቢከለክሉት እንኳ መልእክት አደርሳለሁ» አለቻቸው።  ይበሉ፣ አሁን ይንገሯት፣ አልኩ በሆዴ።

ኦቦ ከድር አሰቡ። «የለም» አሉ። «ይሄ በሰው አይላክም። ሐኪሙ ይሻልሃል ብሏል። እሱ ካልመጣ እኔ ሄጄ በራሴ አፍ እነግረዋለሁ።»

እስከ በሩ ሸኘኋት። ዘይነባ በጋሪ ወደ መናኸሪያ ሄደች።

ረቡዕ ኦቦ ከድር መብላት አቆሙ። ሐሙስ ጠዋት ምላሳቸው ተያያዘ፤ ስጠራቸው ዓይናቸውን ይገልጣሉ፣ ቃል ግን የለም። እኔ በየሰዓቱ በሩን ነው የማየው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ዘይነባ ብቻዋን መጣች። ፊቷ ግን ፈካ ብሏል።

«አልሰጡትም እትዬ ጽጌ። መቶ አለቃው ወረቀቱን አነበበና 'ትንሽ ለደከመው ሁሉ ፈቃድ ከሰጠሁ ማን ይቀረኛል?' አለኝ። ሰውየው ግን ደግ ነው፤ 'አይዞሽ፣ ሐኪሙ የጻፈውን አይቻለሁ፣ አባትሽ ደህና ነው' ብሎ አጽናናኝ።»

በራሴው ቃል ነው ያጽናናት። ይህን እስካሁን ሳስታውሰው ያቃጥለኛል።

ዶክተሩ ብቻዋን መምጣቷን አይቶ «ምንድን ነው የምትለው? ለምን ከለከሉት?» አለ። ወረቀቱን ከዘይነባ ወስዶ ሰጠኝ። «ወደ ስፓኒሽ መልሺልኝ። ቃል በቃል።»

መለስኩት። ያን ቀን አንዲት ቃል አላቀለልኩም። «ኡን ፖኮ» ላይ ስደርስ፣ ትንሽ የምትለው ላይ፣ ወረቀቱን ዝቅ አደረግኩት።

«ኡን ፖኮ?» አለ። አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። «እጃቸውን ይዤ ያወቁ መስሎኝ ነበር። የምሰናበታቸው መስሎኝ ነበር።»

ዘይነባ ከእሱ ፊት ወደ እኔ ፊት ትመለከታለች። በዚያው ቆሜ እውነቱን ነገርኳት፣ በአማርኛ፣ እየሄዱብን ነው አልኳት። ስትወድቅ ሚርታ ያዘቻት። እንግዲህ የፈራሁት ይኸው ነበር፤ ሆነም። የሚይዛት ሰው ግን አጠገቧ ነበር። ማክሰኞም ብነግራት ሚርታ እዚያው ነበረች።

ሁለተኛ ወረቀት ጻፍኩ። የዶክተሩን ቃል በሙሉ ክብደቱ። የዕለቱ አውቶቡስ ግን ሄዷል፤ ለጠዋት ተባለ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸው ነው፤ ማክሰኞ በእጄ የነበረውን ሐሙስ ፍለጋ ወጣሁ።

ዓርብ ንጋት ላይ ዶክተር አንሴልሞ እንደ ልማዱ «ኮሞ አማኔሲዮ?» እያለ ገባ። ለኦቦ ከድር አልነጋላቸውም። የዓይናቸውን ቆብ ራሱ ከደነው። እነሱ ሙስሊም ናቸው፣ ሬሳ አያሳድሩም፤ አጥበው፣ ከፍነው፣ ያን ዕለት ፀሐይ ሳትጠልቅ ሲሬ ቀበሯቸው። የሞት ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። በዚያኛው ላይ ምንም የሚቀልል ነገር የለም።

ዶክተሩ አላስባረረኝም። ሰኞ ዕለት ቢሮው አስቀምጦ እንዲህ አለኝ፦ «አንዳንድ ነገር መናገር ሊያቅትሽ ይችላል፤ ሰው ነሽ። ሲያቅትሽ ለእኔ ንገሪኝ። ይህን አልችልም በይኝ። ቤተሰብ እንጠራለን፣ ሽማግሌ እንጠራለን፣ ሌላ መንገድ እንፈልጋለን። ነገርኳቸው ግን አትበይኝ።» እሺ አልኩ። ስለ መጀመሪያው ቀን፣ ስለ ውርደቱም ነገርኩት። ፈገግ ይላል ብዬ ነበር፤ አላለም።

ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ አንድ ወጣት ወታደር ወደ ሆስፒታሉ መጣ። ኮፍያውን በእጁ ይዟል፣ ቡትስ ጫማው ጭቃ ነው። የአባቱን ቅንድብ ወስዷል።

«እትዬ ጽጌ የሚባሉት እርስዎ ነዎት? አማን እባላለሁ። የኦቦ ከድር ልጅ።»

አስቀመጥኩት። ወደ ሰሜን ሊላኩ ሲሉ ለለቅሶ ሦስት ቀን ፈቃድ ተሰጥቶታል፤ ሁለቱ አልቋል።

«አባቴ ምን ብሎ ሞተ?» አለኝ። «እህቴ ምንም አላለም፣ በሰው አይላክም አለ፣ ነው የምትለኝ። ምንድን ነው በሰው የማይላከው?»

ሁሉንም ነገርኩት። የዶክተሩን ቃል፣ የእኔን ትንሽ፣ ወረቀቱን። ይጮህብኛል ብዬ ነበር። አቀርቅሮ ኮፍያውን ሲያዞር ብቻ አየሁት። ከዚያ ደብተሬን አውጥቼ ያቺን ገጽ ከፈትኩ። የአባቱን ቃል እንደተናገሩት በኦሮምኛ አነበብኩለት፤ ስሙን መጀመሪያ መጻፋቸውን፣ ጀርባውን ማየታቸውን፣ አፉ ይበለኝ ማለታቸውን።

 በአማርኛ መለሰልኝ።

«እኔ እኮ አልተቀየምኩትም። የጎረቤት ልጅ ተጽፎ እኔ ብቀር በአገር ላይ ቀና ብዬ አልሄድም ነበር። ዞሬ ያላየሁት ሳለቅስ እንዳያየኝ ነው።»

 ደብተሩን ወደ እሱ አስጠጋሁለት።

«አፉ ብዬዋለሁ፤ የዚያኑ ዕለት መኪናው ላይ ሆኜ» አለ። «እርስዎ አስተርጓሚ ነዎት። ይህን ለእሱ ማን ያደርስልኛል?»

ያን ዓይነት ጥያቄ በየትኛውም ዓምድ የለም። አለቀስኩ። እሱ ሊያጽናናኝ ትከሻዬን ያዘ፤ ይባስ ብሎ ልጁ እኔን አጽናናኝ። ገጹን በምላጭ ቆርጬ ሰጠሁት። በአራት አጥፎ የደረት ኪሱ ውስጥ አስገባው። ከበሩ ላይ ዞሮ በእጁ ሰላም አለኝ። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም። ዘይነባ ለሁለት ዓመት ያህል ደብዳቤ ትጠብቅ ነበር፤ በኋላ መጠበቋን ማውራት ተወች።

እሷ አስተማሪ ሆነች። መንገድ ላይ ስንገናኝ ቆማ በአክብሮት ሰላም ትለኛለች፣ ልጆቼን ትጠይቃለች። አፉ በይኝ ብያት «ብዬአለሁ እትዬ ጽጌ» ብላኛለች። ግን አንድ ጊዜ የእናቷን የሐኪም ወረቀት ይዛ አገኘኋትና ላንብብልሽ ብላት «አይ፣ ራሴ አነባለሁ» አለችኝ። አልፈርድባትም።

ዶክተር አንሴልሞ ጊዜው ሲደርስ ወደ አገሩ ተመለሰ። እኔ ጡረታ እስክወጣ በዚያው ሙያ ቆየሁ፤ መጨረሻ ላይ ስፓኒሹ ቀርቶ በአማርኛና በኦሮምኛ መካከል ብቻ ነበር የምሠራው። ደብተሩ አለኝ። አንድ ቅጠል ይጎድለዋል።

ዛሬ በየሆስፒታሉ በሐኪምና በበሽተኛ መካከል ቆማችሁ የምታስተረጉሙ ልጆች አላችሁ። የሐኪሙን ቃል የሰማችሁትን ያህል አድርሱ። መናገር ካቃታችሁ አቃተኝ በሉት፤ በሽተኛውን የሚይዝ ሰው ጥሩና ከዚያ ንገሩ። ቃሉን ግን አታቅልሉት።